ግድግዳው አልተነቃነቀም

ማክሰኞ፣ በወሩ 14ኛ ቀን። ጠዋት የወጣ ዕቃ፦ ሁለት ባልዲ ነጭ ቀለም፣ አንድ የበር ቁልፍ፣ አንድ ኪሎ ምስማር። የተመለሰ፦ አንድ የቧንቧ ራስ፣ ጥርሱ አልገጥም ብሎ።

ወንድም ዓለም፣ በዚህ መጀመሬ አይግረምህ፤ ማታ ማታ የሱቄን የቀን ማስታወሻ ስጽፍ እጄ የለመደው ነው። ለመሆኑ ደህና ነህ? ወገብህ ተሻለህ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኛም ደህና ነን ልልህ ነበር፤ እስቲ አንብበህ ስትጨርስ አንተው ፍረድ።

የግድግዳው ውጤት ወጣ። ጎረቤት ምድር ቤት እሠራለሁ ብሎ ጥልቅ ጉድጓድ ካስቆፈረ ወዲህ የእማዬ ሳሎን ግድግዳ መሰንጠቁን ታውቃለህ። እኔ ቤቱ ሳይናድባት ከሱቄ በላይ ያለው ክፍል ትግባ አልኩ። አንተ በስልክ ተያት፣ ቤቷ ነው አልከኝ። እሷ ደግሞ ከሁለታችንም በላይ ጮኸች። በመጨረሻ የተስማማነው በአንድ ነገር ነው፤ ቀያሽ ይለካዋል፣ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ እሷ ትወጣለች፣ ካልተንቀሳቀሰ እኔ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።

ቀያሹ ሁለት ጊዜ መጣ፤ መጀመሪያ ከዝናቡ በፊት፣ ከዚያ ባለፈው ሳምንት። መሣሪያው በሦስት እግሩ ቆሞ እየተሽከረከረ ሌዘሩ ያረፈበትን ሁሉ በነጥብ ይመዘግባል፤ ግድግዳ የለ፣ ጣሪያ የለ፣ ወንበር የለ። እማዬ ድምፁን ሰምታ ይኼን ወፍጮ መቼ ነው የምታወጣልኝ ብላ ቀያሹን ልጅ አሳቀችው። ለእኔ ግን እንዲህ ነው ያለችኝ፦

«ምን ያስለካሻል? በየቀኑ እዳስሰው የለም እንዴ? ካለበት ንቅንቅ አላለም።»

ግትርነቷ ነው ብዬ አለፍኩት።

ባለፈው ሳምንት ቀያሹ ሲሄድ ሳሎኑን ዞር ብዬ ባየው ወንበሮቹ መሐል ለመሐል ተበታትነዋል፣ ቡፌው ከቦታው ተነሥቷል። ሰው የሚኖርበት ሳይሆን ዕቃ የሚራገፍበት ቤት መሰለኝ። ታውቀኝ የለ፣ የተዝረከረከ ነገር ካየሁ እጄ አያርፍም። አባባ በነበረ ጊዜ እንደነበረው ሁሉንም ወደየጥጉ አስጠጋሁት። እማዬ ምነው ዕቃዬን ባትነኪብኝ አለች። ሳሎኑ እኮ ሰፋልሽ አልኳት። ግድግዳውን ይዛ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች።

ከዚያ ወዲህ ከመኝታ ቤቷ አትወጣም። አንዲት ጎረቤቷ በረንዳ ላይ አላየኋትም ብላ ደወለችልኝ። እኔ ስደውል ደከመኝ ብላ ትዘጋዋለች። በግድግዳው ነገር አኩርፋለች፣ ውጤቱ ሲመጣ ይለቃታል ብዬ ተውኳት።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ቀያሹ ቢሮ ሄድኩ። የድሮውንና የአሁኑን ነጥብ ኮምፒዩተሩ ላይ አነባብሮ ጠበቀኝ። ማነባበሪያው የማይንቀሳቀስ ነገር ነው፤ የደጃፉ የድንጋይ ደረጃና የአጥሩ የብረት ምሰሶ። እነሱ በልክ ከገጠሙ በኋላ በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ያለው ርቀት ይለካል። ያልተለወጠው ግራጫ ነው፤ ዕቃ ተነሥቶ የሄደበት ሰማያዊ፣ አዲስ የመጣበት ቀይ ይሆናል። እኔ ዓይኔን አፍጥጬ ስንጥቁ ጋ ሁለት ሚሊሜትር አገኘሁና ይኸው አልኩት።

«እትዬ፣ መሣሪያው ራሱ እስከ አራት ይሳሳታል፤ ልስኑም ሸካራ ነው። ከስሕተቱ ያላለፈ ለውጥ አይባልም» አለኝ።

ይኼ ይገባኛል። ምስማር ስመዝን የሚዛኔ መርፌ ትንሽ ብትንቀጠቀጥ ከደንበኛ ጋር አልጣላም። የተሰነጠቀው ልስኑ ብቻ ነው፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ግራጫ ነው። እማዬ አሸነፈች፣ አንተም እንኳን ደስ አለህ።

የሳሎኑ መሐል ግን ቀይ በቀይ ሆኖ ነበር። ደነገጥኩ። ልጁ ሳቀና ዕቃ ነው፣ ተዛውሮ ነው እንጂ ከቤቱ አይቆጠርም፣ አሁን አጠፋዋለሁ አለ።

«አታጥፋው» አልኩት።

ከላይ ወደ ታች እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ተበታትነዋል ያልኳቸው ወንበሮች፣ ወንድሜ፣ ሰልፍ ናቸው። ከመኝታ ቤቷ በር ግድግዳው እየመራ ይሄዳል፤ ግድግዳው ባለቀበት የወንበር መደገፊያ አለ፤ ከዚያ ሌላ ወንበር፣ ከዚያ ቡፌው፣ ከዚያ የወጥ ቤቱ በር። በረንዳውም መታጠቢያ ቤቱም እንደዚሁ ሰልፍ አላቸው። ከአንዱ እስከ አንዱ ምን ያህል ነው ብዬ ብጠይቀው ለካልኝ። ሁሉም ጋ አንድ ነው፣ ሰባ ሴንቲሜትር ገደማ። እጄን ወደፊት ዘርግቼ አየሁት።

«እትዬ፣ ምን ላቀብልሽ?» አለኝ።

ይኼን ሥዕል በወረቀት አትምልኝ አልኩት።

ባለፈው የላክኸው ፎቶ የመኪናህ ነበር አይደል? እማዬ ልጆቹ እንዴት አድገዋል ብላ ስማ ነው ያስቀመጠችው። እኔ ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር።

ቃሌ ቃል ነው፤ ከቤትሽ ውጪ አልላትም። አንተ ግን ፈቃድ ወስደህ ና። የዓይን ሐኪም ጋ ሁለት ሆነን ካልወሰድናት ለእኔ ብቻ እሺ አትልም። ስትመጣ ከደጅ ጀምረህ ድምፅህን አሰማ፤ በሩ ላይ ዝም ብለህ አትቁም። ጻፈችልኝ እንዳትላት ደግሞ።

ቤትህ ይሙቅ፤ የወጣህበት መንገድ በሰላም ይመልስህ፤ ልጆችህ እንደ ስማቸው ይሁኑልህ።

ታላቅ እህትህ

ነገ፦ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት እማዬ ጋ። ሥዕሉንና ሜትሩን መያዝ። ወንበሮቹን ቀይ ወደታዩበት መመለስ።