የውሃ ተራችንን አሰርዘው ለተሾሙት ለቀድሞው ሥራ አስኪያጃችን

ለክቡር አቶ አላምረው
የመስኖ ተጠቃሚዎች ዩኒየናችን የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ፣ የዛሬው የዲጂታል አገልግሎት ማስፋፊያ ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ፣ ቤተሰብዎና በተለይም አዲሱ ወንበርዎ እንዴት እንደሰነበቱ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ፣ የቆቦ ሙቀት እርስዎ እንደሚያውቁት ቢሆንም፣ እርስዎ ከሄዱልን ወዲህ በጣም ደህና ነን።

የሹመትዎን ዜና የሰማሁት ከሮቢት በሚኒባስ ስመለስ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ፎቶግራፍዎን ከስልኩ ላይ አሳየኝ። ከሥሩ «በቆቦ ቆላ ባስመዘገቡት አንጸባራቂ ውጤት» የሚል ተጽፎበታል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አዲሶቹ አለቆችዎ ይህን አንጸባራቂ ውጤት በዝርዝር የሚያውቁ ስላልመሰለኝ፣ ውለታዎን ሳልመልስ እንዳልቀር በማለት ይህንን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ምናልባት ስሜ ከትዝታዎ ጠፍቶ ከሆነ፣ ለውሃ ተራ ማከፋፈያው ሶፍትዌር ምረቃ በዓል ለስላሳ መጠጥ ስታቀርብ የዋለችው ልጅ ነኝ። የተቀጠርኩት ግን ለዚያ አልነበረም፤ ቢዝነስ አናሊስት ሆኜ ነበር። ይህ ሥራ ምን እንደሆነ ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ፦ አንድ መሥሪያ ቤት ሌላ ቦታ ተሠርቶ ያለቀ ሶፍትዌር ሲገዛ፣ ሶፍትዌሩንና የሚገለገሉበትን ሰዎች የሚያስተዋውቅ ሰው ያስፈልጋል። ሰዎቹ እንዴት እንደሚሠሩ ይጠይቃል፤ ሶፍትዌሩ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ይፈትሻል፤ ከዚያም የትኛውን እኛ እንልመደው፣ የትኛውን እሱ ይስተካከልልን የሚለውን ለይቶ ለአለቃው ያቀርባል። እርስዎ ዘንድ ሥራው ይኸው ነበር፤ እርስዎ ግን የተሻለ አገኙልኝ።

ቅሬታ ማለት ድፍረት ስለሚሆንብኝ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ በሰው ፊት ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። የግዥው ውል ሳይፈረም ቢሮዎ ቀርቤ፣ «ወደ ውሃ ጉድጓዶቹ ልውረድና ገበሬው ተራውን እንዴት እንደሚካፈል ልይ» ብዬ ስለምንዎ፣ በአባታዊ ፈገግታ ተመለከቱኝና፣ «ልጄ፣ የምንገዛው ጨርቅ ቢሆን ልብስ ሰፊ እንጠራ ነበር፤ የምንገዛው የተሰፋ ልብስ ነው። አንቺ ምኑን ትለኪያለሽ?» አሉኝ። በክፍሉ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም፣ «የተሰፋ ልብስም ሳይገዛ በፊት ይለካል» ብዬ ነበር፤ ሳቁ በርትቶ ስለነበር ሳይሰሙኝ ቀርተው ይሆናል በማለት እነሆ ዛሬ በጽሑፍ ደግሜዋለሁ።

ሁለተኛ፦ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ መስተንግዶ ኮሚቴ ስላዛወሩኝ አመሰግናለሁ። ድንኳን አስተክያለሁ፤ ባነር አሠርቻለሁ፤ ለእንግዶች ወንበር አሰናድቻለሁ። እርስዎ ሪባኑን ሲቆርጡ መቀሱን በትሪ ይዤ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። በዚያ ድንኳን ውስጥ ከየመሥሪያ ቤቱ ሰው ተጠርቶ ነበር፤ ከጉድጓዶቹ አንድም ገበሬ አልተጠራም።

ሦስተኛው ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ ዘንድ እለምናለሁ።

ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ ካለው ጉድጓድ ሁለት ገበሬዎች ይጠጣሉ፤ ማለቴ ማሳቸው ይጠጣል። አንደኛው ኡበይድ ይባላል፣ ቀይ ሽንኩርት ይተክላል። ሁለተኛው ሙላው ይባላል፣ ቲማቲም ይተክላል። ማሳቸውን የሚለየው አንድ ቦይ ነው። የኡበይድ ተራ ጁምዓ ላይ ሲውል እሱ መስጊድ ይሄዳል፣ ውሃውን ሙላው ይወስዳል። የሙላው ተራ በሚካኤል ወይም በእሑድ ሲውል ደግሞ እሱ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ውሃውን ኡበይድ ይወስዳል። ይህንን አባቶቻቸው በወራጁ ወንዝ ዘመን የጀመሩት ነው፤ ጉድጓዱ ሲቆፈር ወደ ጉድጓዱ ተሻገረ። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አልተጣላበትም። ከእያንዳንዳቸው ጋር አንድ ሻይ የጠጣ ሰው ያውቀው ነበር።

እርስዎ ያስመረቁልን ሶፍትዌር ግን ሻይ አይጠጣም። ተራ የደረሰው ሰው በስልኩ መልእክት ይመጣለታል፤ በመልእክቱ ያለውን የሚስጥር ቁጥር ራሱ መጥቶ ካላስገባ የጉድጓዱ ሞተር አይነሳም። በመጀመሪያው ጁምዓ ሙላው እንደ ልማዱ አካፋውን ይዞ መጣ። ሞተረኛው ሙህዲን ቁጥር ጠየቀው። ቁጥሩ ያለው በኡበይድ ስልክ ነው፤ ኡበይድ ያለው መስጊድ ነው፤ ስልኩም ለሶላት ተዘግቷል። ውሃው ሳይወርድ ተራው አለፈ። በሚካኤል ዕለት ደግሞ ኡበይድ መጥቶ በተመሳሳይ ሁኔታ ባዶውን ተመለሰ። ሙህዲን ቢሮዎ ድረስ መጥቶ፣ «ጌታዬ፣ ሰዎቹ ተራ ይለዋወጣሉ፤ ማሽኑ አይገባውም» ሲልዎ፣ «እንግዲህ ይልመዱ!» ብለው መለሱት። እኔ ከበሩ አጠገብ የምረቃውን ፎቶግራፎች በፍሬም እያስገባሁ እሰማ ነበር።

የኡበይድ ተራ ጁምዓ ላይ እየወደቀ ተደጋገመ። ሶፍትዌሩም በተሠራበት አገር ልማድ፣ ተራውን ደጋግሞ ያልተጠቀመ ሰው ውሃውን የማይፈልግ ነው ብሎ ስሙን ሰረዘውና ሰዓቱን ለቀጣዩ ተረኛ አስተላለፈ። ቀጣዩ ተረኛ ሙላው ነው። «ተጨማሪ ሰዓት ተፈቅዶልዎታል» የሚል መልእክት ሲደርሰው ለሁሉም ገበሬ የተጨመረ መስሎት ፈጣሪውን አመሰገነ፤ ውሃውንም ለቀቀ።

ኡበይድ ጥር አጋማሽ ላይ፣ ሽንኩርቱ አንገቱን ሲያጥፍ፣ ስልኩም ዝም ሲልበት ወደ ቦዩ ወረደ። የራሱን ውሃ የጎረቤቱ ቲማቲም ውስጥ ሲተኛ አየው።

«አያ ሙላው፣ ውሃዬን በላኸው?» አለ።

«ተፈቀደልህ ብለውኝ ነው እንጂ! አንተን ልሰርቅ?»

«ማን ነው የኔን ላንተ የሚፈቅደው?»

ከዚያ በኋላ የተባባሉትን በዚህ ጨዋ ደብዳቤ ላይ አልደግመውም። ሁለቱም አካፋ አነሱ። የኡበይድ ባለቤት ዘሊካ ከዳሱ ሮጣ ደርሳ በመካከላቸው ስትገባ አንደኛው አካፋ ክንዷ ላይ አረፈና አጥንቷን ሰበረው። በባጃጅ ቆቦ ስትደርስ ከግራና ከቀኝ ደግፈው የያዟት ኡበይድና ሙላው ነበሩ። ፖሊስ «የማን አካፋ ነው የመታት?» ብሎ ሲጠይቅ ሁለቱም «የኔ ነው» አሉ። ዛሬም እንደዚያው ይላሉ።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ያን ሳምንት ለጋዜጠኞች የሰጡትን መግለጫ አልረሳሁትም፦ «ሲስተሙ እንከን የለውም፤ ገበሬው ለቴክኖሎጂ ገና አልተዘጋጀም።» ለኡበይድም በተራው ባለመጠቀሙ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ልከውለታል። ደብዳቤው የደረሰው ሚስቱን ሊያሳክም ወረፋ ይዞ በተቀመጠበት ነው።

እኔ ዘሊካን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ክንዷ በጀሶ ታስሮ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። የዩኒየኑ ሠራተኛ መሆኔን ስነግራት አልተቆጣችኝም። «ልጄ፣ እንግዳ ሲመጣ ከቤተሰቡ ጋር ያስተዋውቁታል። ያንን ኮምፒውተር ስታመጡብን ከኛ ጋር ማን አስተዋወቀው?» ብቻ አለችኝ። ከዚያ ቤት ስወጣ ያደረብኝን ስሜት ጨዋ ቃል ባገኝለት እጽፍልዎ ነበር።

አራተኛው ምስጋናዬ ከዚያው ቤት ይጀምራል። በቀጥታ ሄጄ ሶፍትዌሩን የሸጠልንን ድርጅት ባለሙያ ፍሬሰላምን አገኘሁት፤ ሻንጣውን ሸክፎ ወደ አዲስ አበባ ሊመለስ ነበር። «ይህ ፕሮግራም ሰዎች ተራ እንዲለዋወጡ ማድረግ አይችልም?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ይችላል እንጂ!» አለኝ። «ከመጀመሪያው አለበት። ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ የሚፈልገው ደንበኛ ሲጠይቀን እንከፍትለታለን።»

«እኛስ አልጠየቅንም?»

«ማንም አልጠየቀንም። እንዲህ ያለውን የሚጠይቀን አብዛኛውን ጊዜ የደንበኛው ቢዝነስ አናሊስት ነው። እናንተ የላችሁም እንዴ?»

ትሪ ይዤ እንደነበር ልነግረው አፈርኩ።

ሩጫ በሚመስል እርምጃ ወደ እርስዎ መጣሁ። የጠየቅሁዎ አዲስ ነገር እንዲገዛ አልነበረም፤ ያለው እንዲከፈት ብቻ ነበር፤ ፍሬሰላም የሚፈልገውም የእርስዎን አንድ ቃል ነበር። እርስዎም ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ «የተመረቀ ሲስተም ከተነካ ሳይጠና ተመረቀ ይባላል» ብለው ከለከሉኝ። ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ፤ በአንድነት በሠራንበት ዘመን ሁሉ ከእርስዎ አንደበት የሰማሁት እውነት ይህ ብቻ ነው። የኡበይድ ሽንኩርት እርስዎ ስምዎን ሲጠብቁ ደረቀ። ለከርሞ ዘር ለመግዛት ከግልገልነቷ ያሳደጋትን ግመል ዋጃ ገበያ አውጥቶ ሸጣት።

አምስተኛ ብዬ የምቆጥረው ጸጋ የለኝም፤ ስለዚህ አዲሶቹ አለቆችዎ ያልሰሙትን የቀረውን ልንገራቸው።

አባጋሮች፣ ማለትም እኛ ዘንድ ደም እንዳይፈስ የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች፣ ኡበይድንና ሙላውን በዛፍ ጥላ አስቀመጡ። ካሣ ይቆረጥ ሲባል ሁለቱም «እኔ ልካስ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ተያዩና፣ «እንግዲያው በዳዩ እዚህ የለም» ብለው እርስዎን አስጠሩ። እርስዎም ስብሰባ ላይ ነኝ አሉ። በራያ ቆላ ነፍስ ያጠፋ ሰው እንኳ የአባጋር ጥሪ አይንቅም፤ እርስዎ ግን ናቁ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ አልዋሽዎትም፣ እርስዎን ከወንበርዎ ማንሳት ዋና ሥራዬ ሆነ። የከለከሉኝንም ሥራ ሠራሁ፦ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ እየሄድኩ እያንዳንዱን ገበሬ ውሃውን እንዴት እንደሚካፈል ጠየቅሁት፤ ተራው የተሰረዘበት ኡበይድ ብቻ እንዳልሆነም ደረስኩበት። ያገኘሁትን ስነግራቸው የዩኒየኑ አባላት አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ ጠሩ።

ጉባኤውን እርስዎም ያስታውሱታል። ሙላው ተነስቶ፣ «አባቶቻችን ያስረከቡንን ተራ ማን ሰረቀው? እኔ አልሰረቅሁም፣ ኡበይድም አልሰረቀም፤ ፊት የተቀመጡት ይመልሱልን» ሲል፣ እርስዎ «ሲስተሙ ነው» ብለው መለሱ። ያን ጊዜ ዘሊካ ከሴቶቹ መካከል ክንዷን እንደታቀፈች ተነሳችና፣ «እንግዲያው ሲስተሙን ይጥሩልንና እሱን እንጠይቀው» አለች። አዳራሹ በሳቅ ሲፈርስ መነጽርዎን አውልቀው የጠረጉት መስታወቱ ቆሽሾ እንዳልነበር አውቃለሁ፤ እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ፊትዎን ብቻ ነበር የማየው። ይህን ያህል ያስደሰተኝ እይታ በሕይወቴ አላየሁም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ጉባኤው የተራ ልውውጡ እንዲከፈት፣ እርስዎም እንዲነሱ በአንድ ድምፅ ወሰነ። ልውውጡን ፍሬሰላም ከአዲስ አበባ ሆኖ የቀረበለት ሻይ ሳይበርድ ከፈተው። በሚቀጥለው ጁምዓ ሙላው በኡበይድ ተራ ውሃ ለቀቀ፤ ኡበይድም ከሶላት ሲመለስ ቦዩን አብሮት ጠረገ። ዘሊካ ክንዷ እንደ ድሮው አይታጠፍም። የእርስዎ መነሳት ግን ቃለ ጉባኤያችን ከበላይ አካል ሳይደርስ በሹመት ደብዳቤ ተፈጸመ፤ እነሆ አሁን ለሌሎች ወረዳዎች ጤና ጣቢያዎች እንደዚሁ ተሠርቶ ያለቀ ሶፍትዌር ሊገዙ መሆኑን ሰምተናል። ሽንኩርት ቢደርቅ ለከርሞ ይተከላል፤ በሽተኛ ከተራው የተሰረዘ ቀን ምን እንደሚሉ ለመስማት እጅግ ጓጉቻለሁ።

ከዚህ በላይ ውድ ጊዜዎን ላልሻማ። ሪባን የማይታክተው ክንድ፣ ጥያቄ የማይደፍረው በር፣ ወድቆም ወደ ላይ የሚወጣ ዕድል ይስጥዎ እያልኩ፣ በእርስዎ መልካም ፈቃድ ትሪ ተሸክሜ ሙያዬን የተማርኩ፣ ውለታዎን በሄዱበት ሁሉ ተከትዬ የምመልስ፣ ትሑት አገልጋይዎ፣

ጀዊሪያ ሙሀመድሰይድ
ቢዝነስ አናሊስት
ከቆቦ

ማሳሰቢያ፦ የጤና ጣቢያዎቹን ፕሮጀክት በገንዘብ የሚደግፈው ድርጅት፣ አንድ አናሊስት አጥንታ ሳትፈርምበት ምንም ነገር እንዳይገዛ ወስኗል፤ ለዚህም እኔን ቀጥሮኛል። ሰኞ ጠዋት ቢሮዎ እገኛለሁ። ጥናቴ የሚጀምረው እያንዳንዱ የሥራ መደብ ምን እንደሚሠራ በመጠየቅ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ተጠያቂ እርስዎ ነዎትና ከወዲሁ መልስ ቢያፈላልጉ ይጠቅምዎታል።