ቼሪው ያበበበት እሑድ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ እንዴት ነው? ያ ደረቅ ሳልስ ለቀቀሽ? እኛ ደህና ነን። አያቴ ዝናብ ሲመጣ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ምላሱ እንዳለ ነው። እኔም ደህና ነኝ፤ ሰው ሲጠይቀኝ ቢያንስ እንደዚያ እላለሁ።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ እንደጻፍኩ ሳይገርምሽ አይቀርም። የድምፅ መልእክት ስልክልሽ ወጥ ቤት ሆነሽ ጮክ አድርገሽ ስለምትከፍቺው ያቺ የምትይዣት ልጅ ትሰማኛለች። አንድ ቀን በላክሽልኝ መልስ ውስጥ ድምፅዋ ገብቶ ነበር። "አክስቴ፣ ልጅሽ ስታወራ እንደ ትንኝ ናት" ስትል ሰማኋት። አንቺም ሳቅሽ። ወረቀት ግን ብቻሽን ታነቢዋለሽ።

ሩዎቶንግ አሁን ስምንት ዓመት ሞላት አይደል? ናንጂንግ ሄደሽ ሞግዚቷ ስትሆኚ እሷ ሁለት፣ እኔ አስር ዓመቴ ነበር። ይህን የምቆጥረው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

በጨረቃው አዲስ ዓመት ለአራት ቀን መጥተሽ ስትመለሺ፣ በር ላይ ቆመሽ "መጋቢት ላይ ቼሪው ሲያብብ ነይ፤ አንድ እሑድ ፈቃድ ወስጄ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተን አብረን እናያለን" አልሽኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። የዱቄት ከረጢት ቀድጄ ጀርባው ላይ ጻፍኩ፦ ጠዋት በባቡር፣ ከዚያ አበባው፣ ከዚያ የዳክዬ ሾርባ ከነኑድሉ፣ ከዚያ ወንዙን በጀልባ መሻገር። በያንዳንዱ መስመር ጫፍ ላይ "ከእማዬ ጋር" ብዬ ጨመርኩበት።

አያቴ ወረቀቱን አይቶ "ይሄ ቼሪያችሁ ይበላል?" አለኝ። "ፍሬ የለውም፣ አበባ ብቻ ነው" ስለው "ፍሬ ለማይሰጥ ዛፍ ባቡር ትሳፈሪያለሽ? ጓሯችን ያለው ኮክ ምን በደለሽ?" ብሎ ቀለደብኝ። የምሠራበት ዳቦ ቤት ባለቤት ዩንሻም አልማረችኝም። "አንቺ ለደንበኛ 'ስንት ልስጥዎት?' ማለት የምታፍሪ ልጅ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ምን ይውጥሽ ይሆን!" ትለኛለች። እኔ ግን ከጎንሽ ሆኜ ስሄድ ሕዝቡ ታይቶኝ አያውቅም።

እንደምታውቂው ግቢው ዝም ብሎ አያስገባም፤ በስልክ፣ በየራስ መታወቂያ ቁጥር፣ ቀኑ አስቀድሞ መያዝ አለበት። ጠዋት ተከፍቶ በደቂቃዎች ያልቃል። ስለዚህ ሐሙስ ማለዳ እኔና ዩንሻ ዳቦው በእንፋሎት እየበሰለ ስልኳ ላይ ተደፋን። እንፋሎቱ ስልኩን ሲሸፍነው በክርኗ ትጠርግልኛለች። ደንበኛው ተሰልፎ "ኧረ ዳቦው!" ይላል፤ እሷ "ዛሬ አበባ ነው የምንሸጠው!" ትላለች። መጀመሪያ የኔን ቁጥር አስገባሁ፤ ተቀበለኝ። ያንቺን በቃሌ ነው የማውቀው፤ ትምህርት ቤት ሳለሁ የወላጅ ፎርም ላይ ስንቴ ሞልቼዋለሁ። አስገባሁት። "በዚህ መታወቂያ ለእሑድ ጠዋት አስቀድሞ ተይዟል" አለኝ።

እማዬ፣ ደስታዬን ብታዪ! ልታስደንቂኝ ብለሽ ለሁለታችን የያዝሽ መሰለኝ። ዩንሻም "እናትሽ ከኛ ፈጣን ናት!" ብላ ዱቄት በነካው እጇ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። ለሁለታችን ይዘሽ ቢሆን ኖሮ የኔም ቁጥር "ተይዟል" ይለኝ እንደነበር አንዳችንም አላሰብነውም።

ማታ ደወልሽ። "ልጄ፣ ይሄ እሑድ አይሆንም፤ የቤቱ ሰዎች እንግዳ አለባቸው፣ ቀኑን ሙሉ ሳበስል ነው የምውለው። በሚቀጥለው ነይ" አልሽኝ። "እሺ" አልኩ። ቀኑን የያዝሽው ለኔ እንዳልሆነ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የገባኝ። ቼሪ ለሚቀጥለው ሳምንት እንደማይቆይ አንቺም ታውቂያለሽ።

መጣሁ፣ እማዬ። ያን እሑድ ናንጂንግ ነበርኩ።

አያቴን "እማዬ ጣቢያ ትጠብቀኛለች" አልኩት። ለአንቺ ብሎ ጨው የገባባቸው የዳክዬ እንቁላሎች በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ጭምብል አደረግሁ፣ ባርኔጣዬን ዝቅ አደረግሁ። ግቢው ውስጥ ስገባ አበባውን አላየሁትም፤ የማየው የሰው ጀርባ ብቻ ነበር። ከዚያ የአንቺን አገኘሁ። ቢጫ የልጅ ቦርሳ በአንድ ትከሻሽ አንጠልጥለሻል። ሩዎቶንግ ሮጣ መጣች፤ አንቺም ከኪስሽ ትንሽ ነጭ ፎጣ አውጥተሽ ላቧ እንዳያበርዳት በኮሌታዋ በኩል ወደ ጀርባዋ አስገባሽላት። እሷ ዞራ እንኳ አላየችሽም፤ አንገቷን ብቻ ዝቅ አደረገችልሽ። ሁልጊዜ የሚደረግለት ሰው እንደሚያደርገው። ፎጣ ጀርባዬ ውስጥ ገብቶልኝ የሚያውቀው እስከ አስር ዓመቴ ነው። ከዚያ በኋላ ላቤ ጀርባዬ ላይ ነው የሚደርቀው።

ሙቅ ውሃ ልትቀጂ ስትሄጂ እሷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የረገፈ አበባ በወረቀት ኩባያ ትለቅም ጀመር። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። "እህትዬ፣ አበባዬን እንዳትረግጪብኝ" አለችኝ። "አብራሽ ያለችው ማን ናት?" አልኳት። "አክስቴ።" "የሥጋ አክስትሽ ናት?" "አይደለችም፤ ግን የኔ ናት" አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ለደንበኛ የማይወጣኝ ቃል ለእሷ ወጣልኝ። "ያንቺ አይደለችም። የራሷ ልጅ አላት። አንቺን የምትይዝሽ ስለሚከፈላት ነው። ልጇ ስትጠራት ጥላሽ ትሄዳለች" አልኳት። አላለቀሰችም። ኩባያውን ቀስ ብላ ደፋችውና አበባውን ታየው ጀመር። ተነስቼ በሰው መሀል ሄድኩ። ከኋላዬ ስሟን ስትጠሪ ሰማሁ። በዚያ ድምፅ እኔን ጠርተሽኝ ታውቂ እንደሆነ ለማስታወስ እስከ ጣቢያው ድረስ ሞከርኩ።

እንቁላሎቹን ባቡር ውስጥ በላኋቸው። አያቴ "ወደደቻቸው?" ሲለኝ "በጣም" ብዬዋለሁ፤ ከጠየቀሽ እንዳታሳጪኝ።

ረቡዕ ደውለሽ "ልጅቷን ምን እንደነካት እንጃ፤ ትምህርት ቤት በር ላይ እጄን አልለቅም አለች፣ ሽንት ቤት ስገባ በር ላይ ትጠብቀኛለች፣ 'መቼ ነው የምትሄጂው?' ትለኛለች። እናቷ ለመቃብር ጠረጋው በዓል ወደ እናንተ እንዳልሄድባት ለመነችኝ" አልሽኝ። እኔም "እሺ" አልኩ። የነካት ነገር እኔ ነኝ፣ እማዬ። እንድትመጪልኝ ብዬ የተናገርኩት ነው አንቺን እዚያ ያስቀረሽ።

ያን እሑድ አሠሪዎችሽ አዘውሽ ነው ወይስ ራስሽ ወደሽ ነው የወሰድሻት? አትንገሪኝ። የትኛው እንደሚቀለኝ አላውቅም።

ለእሷ ግን አንድ ነገር ንገሪልኝ። ጭምብል ያደረገችው ልጅ ውሸቷን ነው፣ የትም አልሄድብሽም በያት። "ያንቺ ነኝ" ግን አትበያት። እሱን ገና አልቻልኩትም። ኩባያዋንም እንደገና ሙሉላት፤ እስካሁን ያልረገፈ ካለ።

የሴት አያቴን መቃብር እኔና አያቴ እንጠርጋለን። አረሙ ዘንድሮ ብዙ አይደለም። አትጨነቂ፣ አንቺን ወክዬ እሰግዳለሁ።

ወገብሽ ይቅለልሽ፤ እጅሽን ቀዝቃዛ ውሃ አያግኘው፤ የምትበዪው ይስማማሽ፤ እንቅልፍሽ የጣፈጠ ይሁን። በሰላም ያገናኘን።

ትልቋ ልጅሽ