ሁለተኛው ሳህን

ልጄ ፋኦል፣ የረገጥከው ምድር ሁሉ ይለምልምልህ፤ መድኃኔዓለም በሄድክበት ይቅደምልህ። እኛ ደህና ነን። እዚህ መቱ ዝናቡ አላባራም፤ እህትህ ኢብሴም ጎሬ ሥራ ይዛ በሚኒባስ ትመላለሳለች።

እኔ ግን ከማክሰኞ ወዲህ ድንጋጤው አልለቀቀኝም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እድራችን መጥታ «ማን እጁን ይታጠብልኝ?» ስትል ቀድሜ ዘረጋሁ። በንጽሕና ማን ይቀድመኛል? እንደ ወጋችን መጀመሪያ ሳህን ላይ በውሃ ብቻ አስታጠበችኝ፤ ሳሙና የወጥ ቅባት እንዲያስለቅቅ ከበላን በኋላ አይደል የምናቀርበው? ሳህኑ ላይ የወረደው ውሃ ጠራ ያለ ነበር። ቀጥላ በሌላ ሳህን ላይ በሳሙና አስታጠበችኝ፤ ውሃው ቡና ያጠብኩበት ይመስል ጠቆረ። «እማማ ጥሩ፣ ልጆች ሲያጎርሱ የኖሩት በዚህ እጅ ነው» አለችኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ኢብሴ ሕፃን ሳለች ተቅማጥ እየተመላለሰ ሲያከሳት፣ «የጎረቤታችን የእትዬ ዘውደነሽ ዓይን ነው» ብዬ አስራ ስምንት ዓመት ደጄን ዘጋሁባቸው። ለካ ልጄን በየቀኑ በዚሁ ቆሻሻ እጄ የማጎርሳት እኔው ነበርኩ።

ትናንት ቤታቸው ሄድኩ። ገና ይቅርታ ሳልል ምሳ አቀረቡና ማስታጠቢያውን አንስተው «እጅሽን አምጪ» አሉኝ። ሳሙና ብጠይቅ ዛሬም ተጸየፈችኝ እንዳይሉ ፈራሁ። ከነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኩትን ሳሙና ፈትቼ «ቆሻሻው የእኔ ነው፣ እትዬ» አልኳቸው። ውሃውን አፈሰሱልኝ።

አንተም ከመብላትህ በፊት በሳሙና ታጠብ። ስትደውል ደግሞ እሳቸውንም አገናኙኝ በል፤ ልጅ ሳለህ ደጃቸውን እንዳትረግጥ የከለከልኩህ እኔ ነኝ።

ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ።

እናትህ ጥሩ