ብሎኗን የመለስኳት እኔ ነኝ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለባየሽ፣ ቤይሩት

አካም ጅርታ እህት ዓለም? ፈያዳ፣ ደህና ነሽ ወይ? ወገቤን ያመኛል ያልሽው ተሻለሽ ወይ? ያቺ ደረጃ ለደረጃ የምታሯሩጥሽ አሮጊትስ ጸባይዋ ረገብ አለ? እንቅልፍስ ታገኛለሽ? ልጅሽ ቢሊሴ በጣም ደህና ናት፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ ሽማግሌ መስላልሻለች። እማዬም ጉልበቷን እያማረረችም ቢሆን ከጸሎት ቤት ቀርታ አታውቅም። እኔም አለሁ፤ መኖር ከተባለ።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈህ ትይኝ ይሆናል። በስልክማ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። አንዴ ባልሽ ጉታ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፤ አንዴ አንቺ ቸኩለሽ ነበር፤ በሦስተኛው ማንም ሳይኖር ስለ ዝናብ አውርቼሽ ዘጋሁት። ፈሪ ነኝ እንግዲህ፣ ምን ታደርጊኛለሽ። ደብዳቤውን የምታመጣልሽ የአምቦው ጨርቅ ነጋዴ የጋሽ ኢስሃቅ ልጅ ከሪማ ናት። ኢድን ከቤተሰቧ ጋር ውላ ነገ ወደ ቤይሩት ትመለሳለች፤ ዛሬ ከሰዓት አምቦ ወርጄ እሰጣታለሁ።

ጉታ እግሬን እንጨት ጫር አደረገኝ ብሎሻል አይደል? ውሸቱን ነው። እንዳትደነግጪ ብሎ ነው፤ እኛንም እንዳንነግርሽ አስምሎናል። ግራ እግሩን ከጉልበቱ ከፍ ብሎ እስከ ጅማቱ የሰነጠቀው ያ በላክሽለት ገንዘብ የገዛው ሞተር መጋዝ ነው። አምቦ ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን ተኝቶ ወጥቷል። ቁስሉ ገጥሟል፤ ጉልበቱ ግን አይታጠፍም። ሐኪሙ ጅማቱ ተጎድቷል፣ እንደ ድሮው አይሆንም ብሎናል። በምርኩዝ ነው የሚሄደው። አይዞሽ፣ በሕይወት አለ፤ ይበላል፣ ይቀልዳል። አሁን ቁጭ በይና ቀሪውን አንብቢ፤ የባሰው ገና ነው።

ባሏ የሞተባት ጎረቤታችሁ ሲንቄ ሚያዝያ ላይ ቤቷ ተቃጠለ። ሰፈሩ ባሕር ዛፍ ቆርጦ ሊሠራላት ለቅዳሜ ግንቦት 12 ደቦ ጠራ። ጉታ ሐሙስ ዕለት መጋዙን ተሸክሞ የጥገና ሱቄ መጣና ማርሚታውን ክፈትልኝ አለኝ። ማርሚታ ያ ጭሱ የሚወጣበት፣ ውስጡ ድምፅ የሚያፍነው ቆርቆሮ ነው። እዚህ ጌዶ ቆራጮቹ ሁሉ ሆዱን አስወልቀው ቀዳዳውን ያሰፉታል። ጉልበት ይጨምራል ይላሉ፤ እውነትም ትንሽ ይጨምራል። የሚፈልጉት ግን ጩኸቱን ነው። የእገሌ መጋዝ ከወንዝ ማዶ ይሰማል ካልተባለላቸው መጋዝ የያዙ አይመስላቸውም። ባልሽ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፣ ታውቂው የለ!

ከፈትኩለት። ሁለት ቀዳዳ በሳሁበት፣ የውስጡንም አወጣሁት። ሲነሳ ያገሳል፤ ነዳጅ መስጫውን ሲለቁት ግን ይንተፋተፍና ይጠፋል። ጭሱ ሲከፈትለት ሞተሩ አየር ይበዛበታል፤ ስለዚህ ካርቡራቶሩን ፈትቶ ማጠብና ቤንዚኑን በልኩ ማስተካከል ያስፈልጋል። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ተራ የሚጠብቅ ባጃጅ ነበረብኝ፤ ጉታም ቶሎ በል እንጂ እያለ ይነዘንዘኛል። እኔም አቋራጩን ሄድኩ። ሞተሩ ሳይቆርጥ ዝም ብሎ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ እኛ ሚኒሞ የምንለውን፣ በአንዲት ብሎን ከፍ አደረግኩት። መጥፋቱን ተወ። ጉታ ደስ ብሎት ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ።

ሰንሰለቱ ግን ይዞር ነበር፣ ባየሽ። ማንም ነዳጅ ሳይሰጠው ቀስ እያለ በራሱ ይዞር ነበር። አይቼዋለሁ፤ አላየሁም ብልሽ ጌታ ያያል። ነዳጁ ሲለቀቅ ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ መቆም እንዳለበት ሥራውን ትናንት የጀመረም ያውቃል። ደቦው ይለፍና እሠራዋለሁ አልኩ ለራሴ። ጉታን ተጠንቀቅ እንኳ አላልኩትም።

በደቦ ቀን እንዴት እንደሚሠራ መቼም አትረሽውም። መጋዝ ከጋለ በኋላ ካጠፉት ገመዱን ቢጎትቱት ቢጎትቱት አይነሳም፤ ስለዚህ ማንም አያጠፋውም። አንዱ ሲደክመው እንደበራ ለሌላው ያቀብለዋል። ሆርዶፋ፣ ያ ሠርግሽ ላይ ለጉታ ሚዜ የነበረው፣ ስድስት ግንድ ጥሎ ላቡን እየጠረገ ለጉታ አቀበለው። ጉታ ሲቀበል ሰንሰለቱ ሱሪውን ያዘው። ሆርዶፋ ደንግጦ እጁን ጨበጠ፤ መጨበጥ ደግሞ ነዳጅ መስጠት ነው። ከዚያ ያለውን አልጽፍልሽም። ሲንቄ ነጠላዋን ቀድዳ እግሩን ጥፍር አድርጋ አሰረችው። ያቺ ሴት ባትኖር ዛሬ የምጽፍልሽ ሌላ ደብዳቤ ነበር።

ሰው ሁሉ ጉታን ተሸክሞ ወደ አስፋልቱ ሲሮጥ እኔ ኋላ ቀረሁ። የገዛ እህቴ ባል ደሙ እየፈሰሰ እኔ መጋዙን አንስቼ ሱቄ ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። ካርቡራቶሩን ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ ቤንዚኑን አስተካከልኩ፣ ብሎኗን ወደ ቦታዋ መለስኳት። ሐሙስ ልሠራው የሚገባኝን ቅዳሜ ሠራሁት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ከመካከላቸው ኦቦ ኦሊቃ ጠሩኝና አንተ ባለሙያ ነህ፣ ይህ ነገር በራሱ ይዞራል ወይ ብለው ጠየቁኝ። በሁሉም ፊት አስነሳሁት። ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጤነኛ ነው አልኩ፤ በዚህ አፌ። ሆርዶፋ አንገቱን ደፍቶ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የጨበጠው እጄ ነው አለ። ጉታ ድኖ በሬዎቹን መከተል እስኪችል ድረስ ሆርዶፋ መሬታችሁን አርሶ፣ ዘርቶ፣ አጭዶ እንዲያስገባ ተፈረደ። ጉልበቱ እንደማይታጠፍ ሐኪሙ የነገረን ከዚያ ወዲህ ነው። እንግዲህ አስቢው፤ ዕድሜ ልኩን ማለት ነው።

ይኸው ክረምቱ ገባ። ሆርዶፋ ጠዋት የእናንተን ያርሳል፣ ከሰዓት የራሱን። የራሱ ገና ግማሹም አልታረሰም። ጉታ ደግሞ ቂም ይዞበት ሰላምታ እንኳ ነፍጎታል። ባለፈው ቅዳሜ በዚያ ሳልፍ ሆርዶፋ በሬዎቹን አቁሞ የጉታ እግር እንዴት ሆነ ብሎ ጠየቀኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እየተሻለው ነው ብዬ አለፍኩ፣ ከንቱ!

ለጉታ ልነግረው ሁለቴ ሄጄ ነበር። ለሊሳዬ፣ አንተ ባትኖር ማን ያስታምመኝ ነበር ሲለኝ ምርኩዙን አቀብዬው ተመለስኩ። የፊታችን እሑድ ከጸሎት በኋላ ሽማግሌዎቹ ይሰበሰባሉ፤ ቆሜ ሁሉንም እናገራለሁ ብያለሁ። ያለፈው እሑድም ብዬ ነበር፤ ከዚያ በፊት ባለውም። ራሴን ስለማውቀው ነው ላንቺ ያስቀደምኩት። ይህ ወረቀት የከሪማ ሻንጣ ውስጥ ከገባ ልመልሰው አልችልም። እሑድ ማታ ለጉታ ደውይና ለሊሳ ዛሬ ምን ተናገረ በይው። ምንም አልተናገረም ካለሽ፣ አንቺው ንገሪው። እንዳታዝኝልኝ።

መሬታችሁን ማረስ የኔ ዕዳ ነው። እርፍ ከጨበጥኩ ስንት ዘመኔ፤ መጀመሪያ ቀን በሬዎቹ ሳይስቁብኝ አይቀሩም። ሱቁ ይዘጋ እንደሆነም ይዘጋ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ቢያንስ አሁን አልልም። ሥራሽን ጥለሽ ለመምጣት ብቻ አትቸኩይ፤ ጉታን እኛ እናየዋለን።

አብራሽ ለምትኖረው ለለንሳ ሰላምታዬን አድርሽልኝ። እማዬ ግንባርሽን ስማሻለች፤ ወገቧን በጨርቅ ትሰረው ብላለች። ቢሊሴም፣ ስትመጣ ጥርስ ታምጣልኝ ትላለች። ጉታም እጅግ አድርጎ ሰላም ብሎሻል፤ እየጻፍኩልሽ መሆኑን ያውቃል፣ የምጽፈውን ግን አያውቅም። ሆርዶፋ ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ ልሄድ ስል ከኋላዬ ጠርቶ፣ ለባየሽ ስትጽፍ ይቅርታ ጠይቅልኝ፣ ባሏን አጎደልኩባት ብሎኛል። አደራ ነውና ይኸው አደረስኩ። አትቀበይው እህቴ፤ ያ ይቅርታ የሱ አይደለም።

ወንድምሽ ለሊሳ
ጌዶ፣ ሰኞ ሰኔ 19 ቀን 2009 ዓ.ም.