ለስታዲየሙ ባንተ ስም

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለሙዓዝ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ካለህበት አገር አላህ በአፊያ ያኑርህ፤ እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ግራ ክንፍ ሆነህ የተጫወትህበት የደሴ ስታዲየም ሊታደስ ነው፤ ጣሪያው ዝጎ ያፈሳል፣ ደረጃውም ተሰነጣጥቋል። ማን ይክፈል ሲባል ግን ጭቅጭቅ ሆነ። እኛ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ይክፈሉ ስንል፣ የኮምቦልቻ ሰዎች «ሜዳው ለእናንተ፣ ወጪው ለእኛ?» ብለው ተቆጡ። በመጨረሻ እኛው የቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰዎች ለዱአ ተሰብስበን ወዳጃ ተቀምጠን፣ ዱአ ተደርጎ፣ ሁሉም እንዳቅሙ ቃል ገባ።

«ኳስ እንጀራ አይሆንም፣ እንደ እኩዮችህ ባሕር ተሻገር» ያልሁህ እኔ ነኝና፣ ባንተ ስም ቃል ገባሁ። ጸሐፊው ጀማሉዲን በመዝገቡ ላይ በሕይወት ባለ ሰው ስም የተገባውን በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ለሟች ሰደቃ እንዲሆን የሚሰጠውን በቀይ ይጽፍ ነበር። ያንተን ሳይጠይቀኝ በቀይ ጻፈው።

መዝገቡን ነጠቅሁት። «ወንድሜ ስልኩ ጠፍቶበት ነው ድምፁ የጠፋው እንጂ አልሞተም!» ብዬ ጮኽሁበት። ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ፤ አንድም ሰው አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እማ በየሰላቷ ዱአ ታደርግልሃለች፤ አላህ በሰላም ያገናኘን። አሁን ስምህ በሰማያዊ ተጽፏል። የፊርማህን ቦታ ማንም እንዳይነካው ነግሬያቸዋለሁ፤ መጥተህ ራስህ ትፈርማለህ።

እህትህ ቶይባ