መስኮቱ ለምን አልዘጋ አለ?

ቀጮዬ፣ በጥድፊያ ስለምጽፍ ጽሑፌን ታግሰሽ አንብቢው። ልምድ ልቀስም የመጣሁበት ትምህርት ቤት ልጆቹ ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው ይመረምራሉ፤ መምህሯ መልስ አትሰጥም። የአራተኛ ክፍሎች የዚህ ሳምንት ጥያቄ «መስኮታችን ለምን አልዘጋ አለ?» የሚል ነው። እኔና አንቺ የምናስተምርበት ቢሆን «አርፋችሁ ጻፉ» ብለን እናልፈው ነበር። እነሱ ግን ከመስኮቱ በላይ ያለውን ስንጥቅ በየቀኑ ሲለኩ ሰንብተዋል።

ዛሬ ወንበር ላይ ወጥታ የምትለካው ልጅ ዞር አለችና «ቲቸር፣ ትናንት እርሳስ አይገባበትም ነበር፤ ዛሬ ጣቴ ገባ» አለች። የመምህሯ ፊት አመድ መሰለ። ድምጿን ሳታነሳ «ደብተራችሁን ተዉትና ውጡ» አለቻቸው። ሠላሳ ስምንቱም በዚያች ጠባብ በር እስኪወጡ ነፍሴ ጥፍሬ ውስጥ ገባች። ግቢውን ሳንሻገር ግድግዳው ከኋላችን ተናደ። ተመስገን፣ ማንም አልተጎዳም።

ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም፤ ያንቺም ክፍል መስኮት አልዘጋ ብሎ በሽቦ እንደታሰረ ነው። ስልክሽ አልሠራ ስላለኝ ይህን ፖስትካርድ ወደ እናንተ በሚመጣው አውቶብስ ሹፌር እጅ ልኬዋለሁ። እናትሽን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ ናፍቃችሁኛል። ቦታ አለቀብኝ። እባክሽ እህቴ፣ ነገ ልጆቹን ውጭ አስተምሪያቸው።