ሳትገፋ የተነሳችው መኪና

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7 ቀን 2017

አሮጌዋ የጭነት መኪናዬ ዛሬ ዳነች። ባትሪ ብቀይርላት፣ የዲናሞዋን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ባጠብቅላት ባትሪው አልሞላ እያለ ስታስቸግረኝ ከርማለች። ሶዶ ያለውን ኤሌክትሪሺያን መስፍንን "ዲናሞዋን አውርድልኝ" ስለው፣ ቁልፉን ብቻ ከፈተና ከመሪው ፊት ያለውን ክሩስኮት አየ።

"ቀይዋ የባትሪ መብራት አትበራም እንዴ?"

"መብራት ካቆመች ቆየች። ባትሪው ደህና ቢሆን ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።"

ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ለካ በእንዲህ ያለ አሮጌ መኪና ዲናሞውን የምትቀሰቅሰው እሷ ናት፤ አምፖሏ ሲቃጠል ዲናሞውም ይተኛል። ትንሿን አምፖል ሲቀይርልኝ ባትሪው መሙላት ጀመረ።

ከሰዓት ሻንቶ ሄጄ ስኳር ድንች ጫንኩ። ሁሌ ከእኔ ጋር ወደ ሶዶ የሚመለሱት ነጋዴዎች፣ እነ አስቴር፣ እንደ ልማዳቸው ሊገፉ ከኋላ ተሰልፈዋል። ደንባችን ነው፤ መኪናዋን ገፍቶ ያስነሳ በነፃ ይሳፈራል። ቁልፉን ባዞረው በአንዴ ተነሳች።

አስቴር ፊቷን ቅጭም አድርጋ መስኮቱ ጋ መጣች።

"እና ዛሬ ልታስከፍለን ነው?"

ሞተሩን አጠፋሁት።

"ግፉ" አልኳቸው።